ባሕር ያላላው በር

አጎቴ የሰው አፍንጫ የሰበረው በመኪና በር ምክንያት ነው። አንድ ሾፌር የጌታውን መኪና ከጋራዡ ሊወስድ መጣና ገብቶ በሩን ወርውሮ ዘጋው። አጎቴ ከተጋደመበት መኪና ሥር ወጣ። እጁን በጨርቅ ጠራርጎ ወደ መስኮቱ ጠጋ አለና በትህትና፣ «ወንድሜ፣ አንዴ ውረድልኝ» አለው። ሰውየው ሲወርድ በግንባሩ አፍንጫው ላይ ገጨው። ደሙ በነጭ ሸሚዙ ላይ ሲንዠቀዠቅ አጎቴ በሩን በሁለት ጣቱ ገፋ አድርጎ ዘጋና፣ «እንዲህ ነው የሚዘጋው» ብሎ ተመልሶ መኪናው ሥር ገባ።

የእናቴ ወንድም ነው። ጋራዡ ውስጥ ግን ጆሮ ነው የሚሉት። ዕድሜውን የፈጀው በር በመግጠም ነው፤ ሞተር አይነካም፣ ቀለም አይነካም።

ጋራዡ የሚሠራው አንድ ዓይነት መኪና ብቻ ነበር። ኮፈኑ ላይ ክንፉን የዘረጋ ጭልፊት የተተከለበት፣ ገንዘብ የተረፈው ሰው ካልሆነ የማይነዳው መኪና። ሠራተኞቹም ጭልፊት ነበር የሚሉት። መንገዱን የሞላውን ርካሽ መኪና ደግሞ ጉንዳን ይሉታል። አንዱን ጉንዳን ከሌላው ጉንዳን ለይቶ የሚያውቀው ሰው የለም፤ ባለቤቱም ራሱ ገበያ ውሎ ሲመለስ የሌላ ሰው በር ከፍቶ ነው የሚገባው። አጎቴ ጉንዳን ሲያልፍ ካየ ፊቱን ያዞር ነበር።

ሙያውን ያስተማሩት ጋራዡን ያቋቋሙት ሽማግሌ ናቸው። አባባ ይሏቸዋል። የአባባ ማስተማሪያ መዳፋቸው ነበር። አጎቴ በር ገጥሞ ሲጨርስ አባባ ዓይናቸውን ጨፍነው ይቆማሉ፤ እሱ በሩን ይገፋል፤ ድምፁ ካልጣማቸው ዓይናቸውን ሳይገልጡ ግራ ጆሮውን ያጮሉታል። አንዳንድ ቀን ማታ ከጆሮው ደም እየወጣ ይተኛ ነበር። ትራሱን የምታጥበው ታላቅ እህቱ፣ ማለት እናቴ ናት። በሩ እየጣመ ሲሄድ ጥፊው ቀረ፤ ግራ ጆሮው ግን ተደፈነ፣ ዛሬም አይሰማበትም። ስለዚህ ጆሮ የሚለው ቅጽል ስም ግማሹ ሙገሳ፣ ግማሹ ፌዝ ነው።

አባባ አንድ የማይሻር ልማድ ነበራቸው። አዲስ ጭልፊት ከወደብ ሲመጣ ገና የተሸፈነበት ላስቲክ ሳይላጥ ወደ ጋራዡ ይገባና በሮቹ በሙሉ ይፈታሉ፣ እንደገናም ይገጠማሉ። ለምን ሲባሉ፣ «ባሕር ያላላዋል» ይላሉ። «መርከቡ ሲንገላታ ስንት ቀን ነው የሚከርመው? ፋብሪካው ያጠበቀውን ባሕሩ ያላላዋል።» ማንም አልተጠራጠራቸውም። በሮቹ ተገጥመው ሲያልቁ ጋራዡ ጸጥ እንዲል ይታዘዛል። የአየር መጭመቂያው ይጠፋል፣ መዶሻ ይቆማል፣ ቀለም ቀቢው ሳሉን ይይዛል። አባባ ካረጁ በኋላ መሐል የሚቆመው አጎቴ ሆነ። ዓይኑን ጨፍኖ፣ ቀኝ ጆሮውን ወደ መኪናው አዙሮ፣ በሩን ገፋ ያደርገዋል። ከጣመው «ሂድ» ይላል። ካልጣመው «ፍታው» ይላል። ሌላ ቃል የለውም።

የእናቴና የአጎቴ ታናሽ ወንድም ሚጢጢ ይባላል። ስሙ የወጣለት በሕፃንነቱ ነው፤ አድጎ በበር ጎንበስ ብሎ የሚገባ ሰው ሲሆን ስሙ ሳያድግ ቀረ። እናትና አባታቸው ስለሞቱ ያሳደገው አጎቴ ነው፤ ጢም ሲያወጣም ወደ ጋራዡ ወሰደውና በር መግጠም አስተማረው። መላውን ሰው የሚማታው አጎቴ ሚጢጢን አንድ ቀን መትቶት አያውቅም። የሚጢጢን ጣቶች ይዞ በሩና የመኪናው ጎን መሐል ያለው ክፍተት ላይ ቀስ አድርጎ ያስኬዳቸዋል፤ «እዚህ ጋ ጠበበ፣ ተሰማህ? እዚህ ጋ ሰፋ» ይለዋል። አባባ «ልጁን እያሞላቀቅከው ነው» ሲሉት፣ «እኔን የመታኝ እጅ እሱ ላይ አይደርስም» አላቸው። አባባን ደፍሮ ሲናገር የተሰማው ያን ቀን ብቻ ነው።

ወሬውን ያመጣው ቀለም ቀቢው ነው። ምሳ ሰዓት ላይ ስልኩን እያየ መጣ።

«ጆሮ፣ ሰማህ?»

«በየትኛው ጆሮዬ?»

«በደህናው። ጭልፊትህ ተሸጠልህ።»

«ለማን?»

«ለጉንዳን! ፋብሪካውን እንዳለ ገዙት።»

«ሂድ ወደዚያ።»

«እውነቴን ነው ባክህ! ከእንግዲህ እንቁላሉን የሚታቀፈው ጉንዳን ነው።»

ሁሉም ሳቀ። አጎቴም ሳቀ። ቀቢው ግን ሳቅ ካገኘ የሚያቆም ሰው አይደለም። «ማጠፊያው አንድ፣ መቆለፊያው አንድ፣ ላስቲኩ አንድ ሊሆን ነው። ልዩነቱ ምን መሰላችሁ? ኮፈኑ ላይ ያለችው ወፍ ብቻ!»

ወፍ የምትለዋ ቃል ናት ያሳሳተችው። አጎቴ እጁ ላይ የነበረውን የጎማ መዶሻ ከተቀመጠበት ሳይነሳ ወረወረው። ቀቢው አፉን በመዳፉ ያዘ። መዳፉን ሲገልጠው ከደሙ ጋር የፊት ጥርሱ አለ። ጥርሱን አገላብጦ አየውና፣ «ደግነቱ የጎማው ነው» አለ። ከዚያ ቀን ጀምሮ ሲናገር ያፏጫል።

ሰዎች አባባ የሞቱት በዚህ ወሬ ነው ይላሉ፤ ግን ከዚያ በፊትም ታመው ነበር። ጋራዡን ሴት ልጃቸው ተረከበች። አጎቴ አዝሎ ያሳደጋት ናት፣ ጋሼ ነው የምትለው። ክፉ ሰው አይደለችም። አዲሶቹ ባለቤቶች ጭልፊትን የሚጠግን ጉንዳንንም ይጠግናል ብለው ሲወስኑ ፈረመች፤ ካልፈረመች ጭልፊቱም ይቀርባት ነበር። ግቢውን ለሁለት ከፈለችው፤ በግራ ጭልፊት፣ በቀኝ ጉንዳን። መግቢያው ላይ ከጭልፊቱ ሥዕል ሥር የጉንዳኑን ምልክት በመብራት አሠርታ ሰቀለች።

አጎቴ ጠዋት ሲመጣ አየው። መሰላል አቆመ፣ ትልቁን መዶሻ ይዞ ወጣ፣ ምልክቱን ይቀጠቅጠው ጀመር። ስብርባሪው በግቢው ተበተነ፤ አንዱ ቅንድቡን ሰንጥቆት ደሙ ዓይኑ ውስጥ ሲገባ እንኳ አላቆመም። ልጅቷ ወጥታ ከሥር ቆመች።

«ጋሼ፣ ውረድ።»

«አባትሽ ይህን ቢያዩ!»

«አባቴማ ቢያይ ያጮልህ ነበር። እኔ አልመታህም። ግን ከዛሬ በኋላ እዚህ ግቢ ውስጥ አንድ ሰው ብትነካ፣ ማንም ይሁን ማን፣ በዚህ መግቢያ አታልፍም። ሰምተሃል?»

«ሰማሁ።»

«ሌላም አለ። አዲስ ጭልፊት ሲመጣ በሩ አይፈታም። ከፋብሪካው እንደወጣ ነው ለገዢው የምናስረክበው። ውሉ ነው።»

አጎቴ መሰላሉ ላይ እንዳለ ደንግጦ አያት። «ባሕሩስ?»

«የምን ባሕር?»

«ባሕር ያላላውን ማን ሊያጠብቀው ነው?»

«ጋሼ፣ ባሕር በር አያላላም።»

ሳቀባት። ምን ታውቃለች ብሎ አዘነላትም።

በጉንዳኑ በኩል በር የሚገጥም ሰው ጠፋ። ሚጢጢ እጁን አወጣ። ዕቃውን በሣጥን ይዞ ወደ ቀኝ ሲሻገር አጎቴ ግቢው መሐል ጠበቀው።

«ወዴት ነው?»

«ወደ ሥራዬ፣ ጋሼ።»

«ያ ሥራ ነው?»

«በር ነው። በር ደግሞ በር ነው። ያስተማርከኝን ነው የምሠራው።»

«እኔ ያስተማርኩህ ለቆርቆሮ አይደለም!»

«መኪናው ጎኑን ተመትቶ ሲመጣ ባለቤቱ ከባለ ጭልፊቱ ያነሰ አያዝንም እኮ፣ ጋሼ።»

መልሱ የአጎቴ መዳፍ ነበር፣ በደንብ የተዘረጋ፣ ግራ ጆሮው ላይ። ድምፁ ግቢውን አዳረሰ። ሚጢጢ ያን ሁሉ ቁመት ይዞ በአንድ ጉልበቱ ወደቀ፤ የዕቃ ሣጥኑ ተገልብጦ ቡሎኑና ሮንዴላው መሬት ላይ ተንከባለለ። ተነሣ። ጆሮውን ዳሰሰ፣ ጣቱ ላይ ያለውን ደም አየ፣ ወንድሙን አየ።

«እንደምን አደሩ፣ አባባ» አለው።

አጎቴ እጁን ወደ ኋላው ደበቀ።

ልጅቷ ያን ቀን አላባረረችውም። ሚጢጢ ራሱ፣ «የወንድማማች ነገር ነው፣ አትግቢ» ስላላት ዝም አለች። ግን ከወንድሙ ቤት ወጣና እኛ ቤት ገባ። ግቢው ውስጥም አጎቴ በግራ፣ እሱ በቀኝ፣ ሰላምታ የለ፣ ቀና ብሎ መተያየት የለ። እናቴ አጎቴ ቤት ድረስ ሄደችበት። ብቻውን ተቀምጦ አገኘችው፤ ምጣዱ ላይ የሁለት ሰው ምግብ አርሮ ነበር።

«አንተ ሰው» አለችው፣ «የልጁ ትራስ ላይ ደም አየሁ። እኔ ያንን ትራስ አጥቤ የጨረስኩ መስሎኝ ነበር።»

«ይመለስ፣ እህት ዓለም። ምን በድዬው ነው? ጉንዳን እጁን ያበላሽበታል ብዬ ነው።»

«ይቅርታ በለውና ይመለሳል።»

«ለእውነት ይቅርታ አይባልም።»

ይቅርታ ማለት ለሱ ጭልፊትና ጉንዳን አንድ ናቸው ብሎ መፈረም ነበር። ወንድሙን ግን ይፈልገዋል። ቤት ሲገባ ሁለት ሳህን ያወጣል፣ አንዱን ይመልሳል። እናቴ ይህን ሁሉ ለሚጢጢ ነገረችው። በማግስቱ ምሳ ሰዓት ላይ ከተጣሉ ወዲህ ለመጀመሪያ ጊዜ ወደ ግራ በኩል ተሻግሮ መጣ። ሰው ሁሉ ማኘኩን አቆመ።

«ጋሼ፣ ልዩነቱ ይሰማኛል ትላለህ አይደል?»

«ይሰማኛል።»

«እንግዲያው ዓይንህን በጨርቅ እንሰርልህ። ሁለት በር እንዝጋልህ፣ አንዱ የጭልፊት፣ አንዱ የጉንዳን። ለይተህ ካወቅህ ዕቃዬን ሰብስቤ ወደ አንተ እመለሳለሁ፣ ጉንዳን ዳግመኛ አልነካም። ቤትም እመለሳለሁ። ካላወቅህ እዚሁ፣ ሰው ፊት፣ ይቅርታ ትለኛለህ።»

አጎቴ ፊቱ በራ። ወንድሙን በእጁ ያስገባ መሰለው። «እሰሩኝ» አለ።

ቀቢው የዘይት መጥረጊያ ጨርቅ አምጥቶ አሰረው። «እንዳታጭበረብር ደግሞ» ሲል በተሰበረው ጥርሱ አፏጨ። «አንተ ብቻ ጥርስህን ጠብቅ» አለው አጎቴ፤ ሳቁ። ደስ ብሎት ነበር። ልጅቷም ከቢሮዋ ወጥታ ደጃፉ ላይ ቆመች። የአየር መጭመቂያው ጠፋ። አጎቴን ክንዱን ይዘው መኪኖቹ መሐል አቆሙት፤ ቀኝ ጆሮውን አዘነበለ።

ቀቢው የመጀመሪያውን በር ገፋው።

አጎቴ ፊቱ ተጨማደደ። «ቆርቆሮ» አለ። «ይንቀጠቀጣል። ከታች ይነካል፣ ከላይ ባዶ ነው። ይሄ ጉንዳን ነው፣ ሁለተኛውን መስማት እንኳ አያስፈልገኝም።»

«ስማው ለማንኛውም» አለ ሚጢጢ።

ሁለተኛው በር ተገፋ። አንድ ድምፅ ብቻ ነበር፣ ድፍን፣ አጭር፣ ምንም የማያስከትል። አጎቴ ትንፋሹን አወጣ። እጁን ዘርግቶ በሩን በመዳፉ ደባበሰው።

«ይሄ ነው» አለ። «ማንም ይግዛው፣ ማንም ይሽጠው፣ ጭልፊት ጭልፊት ነው። ሂድ!»

«የሚስቅ ይኖራል ብዬ ነበር» ይላል ቀቢው ሲያወራ። ማንም አልሳቀም። አጎቴ ዝምታው ስለረዘመበት ጨርቁን ራሱ ወደ አንገቱ አወረደው። መዳፉ የሚደባብሰው የጉንዳን በር ነበር፤ አንድ ባለ ሱቅ ከግንብ ጋር አጋጭቶት የመጣ፣ አሮጌ ጉንዳን። ቆርቆሮ ያለው፣ ከማዶ የቆመው፣ ላስቲኩ ገና ያልተላጠ አዲስ ጭልፊት ነው።

«ቀያይራችኋል» አለ።

«ማንም አልቀየረም» አለች ልጅቷ።

«ይሄን የጉንዳን በር ማን ነው የገጠመው?»

«እኔ» አለ ሚጢጢ። «አንተ እንዳስተማርከኝ።»

«ያንንስ?»

«ፋብሪካው፣ ጋሼ» አለች ልጅቷ። «ዛሬ ጠዋት ከወደብ ነው የገባው። ማንም አልነካውም።»

አጎቴ አዲሱን ጭልፊት አየው። ዕድሜውን ሙሉ ማንም ያልነካው ጭልፊት ሲዘጋ ሰምቶ አያውቅም ነበር። አባባ ፈትተው ያልገጠሙት፣ እሱ ፈትቶ ያልገጠመው አንድም ጭልፊት ጆሮው ጋ ደርሶ አያውቅም።

«ባሕሩ ነው» አለ። ድምፁ ከፍ አለ። «ባሕር ነው ያላላው! አልነገርኳችሁም?»

ሚጢጢ ቀስ ብሎ፣ «ጋሼ፣ ጉንዳኑም የመጣው በባሕር ነው» አለው።

ያኔ ነው ያበደው። የጉንዳኑን በር ከፍቶ በሙሉ ጉልበቱ ወርውሮ ዘጋው። እንደገና ከፈተ፣ እንደገና ወረወረ። ውስጡ የተደበቀውን ቆርቆሮ ሊያስጮኸው ነበር። መስታወቱ ተሰነጠቀ፣ መስታወቱ ረገፈ፣ በሩ ግን በተወረወረ ቁጥር ያንኑ ድፍን ድምፅ ይሰጠዋል። «ውጣ!» ይላል ለበሩ። «ውጣ አንተ! የራስህን ድምፅ አውጣ!» አረፋ ደፍቋል። ቀቢው ሊይዘው ሄደ፤ በክርኑ ደረቱን ብሎ ጣለው። ልጅቷ «ጋሼ!» ብላ ጮኸች። ሚጢጢ ሮጦ መጣ፣ «በቃ፣ በቃ ወንድሜ!» እያለ በሩን ሊይዝ እጁን ሰደደ። እጁ የገባው ማጠፊያው ባለበት፣ በሩና የመኪናው ጎን በሚገጥሙበት ክፍተት ነው።

በሩ ተዘጋ።

በዚያ ክፍተት ላይ አጎቴ እነዚያን ጣቶች ይዞ ስንት ጊዜ አስኪዷቸዋል። በደንብ የተገጠመ በር ስለነበር ለጣት የሚሆን ቦታ አልነበረውም። ሚጢጢ አልጮኸም፤ አፉ ተከፍቶ ቀረ። አጎቴ ግን ሰምቷል፤ ከድፍኑ ድምፅ ሥር እንደ ደረቅ እንጨት የሆነ ሌላ ድምፅ። በሩን ከፈተው። ከጣቶቹ ሁለቱ ጣት አይመስሉም ነበር፤ አንዱ በቆዳ ብቻ ተንጠልጥሏል። ደሙ በማጠፊያው ላይ ወርዶ ወለሉ ላይ ይንጠባጠባል።

አጎቴ ዓይኑ የታሰረበትን ጨርቅ ካንገቱ አውጥቶ እጁን ጠመጠመው። ሚጢጢን ያን ግዙፍ ሰውነቱን እንደ ሕፃን አቅፎ አነሣው። ቁልፉ ያለው ቅርብ መኪና አዲሱ ጭልፊት ነበር፤ ልጅቷ መሪው ጋ ዘላ ገባች። አጎቴ ወንድሙን ከኋላ አስገብቶ አብሮት ገባና በሩን እንደ ልማዱ በሁለት ጣቱ ሳበው። አልያዘም። እንደገና ሳበው። አልያዘም። በሦስተኛው፣ እግዜር ይይለት አፍንጫውን እንደሰበረው እንደዚያ ሾፌር፣ ወርውሮ ዘጋው።

ሐኪም ቤት ሁለቱን ጣት ቆረጡለት። አጎቴ አልጋው አጠገብ ቆሞ «ይቅርታ» አለው። ሚጢጢ ፊቱን ወደ ግድግዳ አዙሮ፣ «ሰው ፊት ነበር ውላችን» አለው።

ሰው ያለው ጋራዥ ነው፣ ጋራዡ ደግሞ ተዘግቶበታል። ልጅቷ ቃሏን አላጠፈችም፤ ዘበኛውን፣ «እንዳያልፍ» አለችው። አጎቴ በየጠዋቱ እየመጣ ከብረት መግቢያው ውጭ ይቆም ጀመር። የሚያልፍ ሠራተኛ አንዱ ያዝንለታል፣ አንዱ ይተፋበታል። ሚጢጢ እጁን በፋሻ ጠቅልሎ ሥራ የገባ ዕለት አጎቴ ብረቱን በሁለት እጁ ጨብጦ ጮኸ፤ ሥራው ሁሉ ቆመ።

«ወንድሜን መታሁት! ጆሮውን መታሁት፣ እጁን ቆረጥኩት። በሩ የሱ ነበር፣ ጥሩ በር ነበር። አላወቅሁም። ይቅርታ አድርግልኝ!»

ሚጢጢ ወደ መግቢያው ሄደ። ብዙ ሰው፣ ቀቢውም ጭምር፣ ይመታዋል ብሎ ጠብቆ ነበር። አልመታውም። የተጠቀለለውን እጁን በብረቱ መሐል አሳየው።

«ይሄ ካቻቢቴ አይዝም ከእንግዲህ» አለው። «እጅ ያስፈልገኛል። በቀኝ በኩል ነው የምሠራው፣ በጉንዳኑ በኩል። ትመጣለህ?»

አጎቴ ልጅቷን አየ። ልጅቷ ሚጢጢን አየች፤ ቆየችና ዘበኛውን፣ «ክፈትለት» አለችው።

አሁን አጎቴ የጉንዳን በር ይገጥማል። ቀቢው «ጆሮ» ማለቱን ትቶ «እጅ» ይለዋል፣ እያፏጨ፤ አጎቴም መዶሻ አይወረውርም። ገጥሞ ሲጨርስ ግቢው ጸጥ ይላል። መሐል የሚቆመው ሚጢጢ ነው። ግራ ጆሮው ከጥፊው ወዲህ ስለሚጮኽበት ቀኙን ያዘነብላል፣ ዓይኑን ይጨፍናል። አጎቴ በሩን በሁለት ጣቱ ገፋ አድርጎ ይጠብቃል፤ ትከሻው ሳያውቀው ወደ ግራ ጆሮው ከፍ ይላል።

«ፍታው» ይላል ሚጢጢ።

አጎቴ ካቻቢቴውን ያነሣል።